የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የዳታ ኮንትራቴ ሳያልቅ ብወጣ ምን ያህል እቀጣለሁ?

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ሊድስ ነው። ስልኩ የራሴ ስለሆነ ሲም ብቻ ነው የወሰድኩት። ያልተገደበ ዳታ ያለው ነው፤ በወር 20 ፓውንድ፣ የ24 ወር ኮንትራት። ቤቴ ዋይፋይ ስላልነበረ የልጄን ታብሌት ሳይቀር በሱ ነበር የማገናኘው። ዘጠኝ ወር እንደከፈልኩ ቤት ቀየርኩ። አዲሱ ቤት ውስጥ ኔትወርኩ ጨርሶ አይገባም፤ ለመደወል እንኳ ደጅ እወጣለሁ። ሱቃቸው ሄጄ ስጠይቅ ልጁ “15 ወር ስለቀረሽ 300 ፓውንድ ትከፍያለሽ” አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ “ዳይሬክት ዴቢቱን ዝጊና ሲሙን ጣይው፤ ምንም አያመጡም” ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?

ሠ. ከሊድስ

መልስ

እህቴ ሠ.፣ ከጓደኛሽ ምክር ልጀምር። እባክሽ እንዳታደርጊው። ለአንቺ ብላ እንደተናገረች አውቃለሁ። ግን እኔ ለንደን ውስጥ የሰው ደብዳቤ በማንበብና በማስረዳት ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከዚህ ምክር የመጣውን ጣጣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ዳይሬክት ዴቢቱን፣ ማለት ከባንክሽ በየወሩ በራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ፣ ስትዘጊ ኮንትራቱ አይዘጋም። ቢሉ ይቀጥላል። ጥቂት ወር ካለፈ በኋላ ኩባንያው ዕዳውን ለዕዳ ሰብሳቢ ሊያስተላልፈው ይችላል፤ “ዲፎልት” የሚባለው፣ ዕዳ አልከፈለችም የሚል ምልክትም ክሬዲት ፋይልሽ ላይ፣ የዕዳና የክፍያ ታሪክሽ በሚመዘገብበት መዝገብ ማለት ነው፣ ይገባል። ዕዳውን በኋላ ብትከፍይው እንኳ ምልክቱ ለ6 ዓመት አይነሳም። አንድ ወጣት፣ አገር ቤት ሊከርም ሲሄድ እንዲሁ ዘግቶ የሄደ፣ ተመልሶ ቤት ሊከራይ ሲል ኤጀንሲው ክሬዲቱን አይቶ እምቢ አለው። ያቺ ትንሽ የስልክ ዕዳ ናት ያንን ሁሉ ያመጣችበት። በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በአንድ የጽሑፍ መልእክት ሊጀመር የሚችል ጉዳይ ነበር።

መልእክቱ ይኼ ነው። ከዚያው ሲም “ኢንፎ” የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል (INFO) ጽፈሽ ወደ 85075 ላኪ። በነፃ ነው። በደቂቃ ውስጥ፣ ዛሬ ብትወጪ የምትከፍይው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይመጣልሻል። መጠየቅሽ ብቻ ምንም አይዘጋም፤ ምንም አያስገድድሽም። ይህን አሠራር ኦፍኮም፣ የቴሌኮም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማለት ነው፣ ከሐምሌ 1 2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በኩባንያዎቹ ሁሉ ላይ ግዴታ አድርጎታል። እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራቸው እናቶቻችን ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ስልክ ይዞ መጨቃጨቅ የለም፤ አንድ ቃል መላክ ብቻ ነው።

አሁን ወደ 300ው ፓውንድ እንምጣ። ልጁ ያደረገው 15ን በ20 ማባዛት ነው። ይህ ጣሪያው ነው። የመውጫ ክፍያ ከቀሪው ወርሃዊ ክፍያ በላይ መሆን አይገባውም። በኦፍኮም መመሪያ መሠረት ደግሞ አንቺ በመውጣትሽ ለኩባንያው የሚተርፍለትን ወጪ ከዚያ ላይ መቀነስ አለበት። ስለዚህ በጽሑፍ የሚመጣልሽ ቁጥር ከ300 ሊያንስ ይችላል። ያው 300 ሆኖ ከመጣ “እንዴት አድርጋችሁ አሰላችሁት?” ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። አፍረሽ አትተዪው፤ የራስሽ ገንዘብ ነው።

ቤት መቀየርሽ ብቻውን ከቅጣት ነፃ አያወጣሽም። በዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። ኔትወርኩ ድሮውንም፣ ስትፈርሚ በነበርሽበት ቤት የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ጉዳይሽ ይጠነክር ነበር። አሁን ግን የምትጠይቂው መብትሽን ሳይሆን ትብብር ነው። ቢሆንም ጠይቂ፤ አንዳንዴ ይቀንሳሉ፣ አንዳንዴም ይለቃሉ። ከመደወልሽ በፊት በኦፍኮም የሽፋን ካርታ ላይ አዲሱን ፖስት ኮድሽን አስገቢና ውጤቱን ፎቶ አንሺ። ካልተስማማችሁ ቅሬታ በጽሑፍ አስገቢ፤ መፍትሔ ከጠፋ “ዴድሎክ” የሚባለውን፣ መስማማት አልቻልንም የሚል ደብዳቤ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። በዚያ ደብዳቤ ገለልተኛ ወደሆነው ዳኛ መሄድ ትችያለሽ፤ አንቺ ምንም አትከፍይም።

እኔ ግን አንቺን ብሆን ለመውጣት አልቸኩልም ነበር። ለቤትሽ ኢንተርኔት ማስገባትሽ አይቀርም መሰለኝ፤ ልጅ አለሽ። ያ ከገባ ያልተገደበ ዳታ ምን ያደርግልሻል? ኩባንያውን ወደ ዝቅተኛው ፓኬጅ እንዲያወርድሽ ጠይቂው። ለምሳሌ በወር 8 ፓውንድ ቢያደርጉልሽ 15ቱ ወር 120 ፓውንድ ነው። 300 ከፍሎ ባዶ እጅ ከመውጣት ይሻላል። የዋይፋይ ጥሪ የሚባለውን ስልክሽ ላይ ካበራሽው፣ ኩባንያውም ስልክሽም የሚቀበሉት ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ሆነሽ ትደውያለሽ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የምታገኚ ከሆነ ደግሞ ለቤት ኢንተርኔቱ “ሶሻል ታሪፍ”፣ ማለት ድጎማ ለሚያገኙ ሰዎች የሚሰጥ የቅናሽ ዋጋ፣ አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ዋጋው በጣም ይለያል።

መውጣቱን ከመረጥሽ ቁጥርሽን አደራ። ባንክሽ፣ ጂፒሽ (የሰፈር ሐኪምሽ)፣ የልጅሽ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም በዚያ ቁጥር ነው የሚያገኙሽ። ኢቪዛ፣ ማለት በኢንተርኔት የሚታይ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለሽ ከሆነ ደግሞ አካውንትሽ ውስጥ ለመግባት የሚላከው ኮድ በዚያው ቁጥር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝም ብለሽ “ዝጉልኝ” አትበይ። “ፓክ” የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል (PAC) ወደ 65075 ላኪ። ቁጥርሽን ይዘሽ የምትወጪበት ኮድ ይመጣልሻል፤ 30 ቀን ያገለግላል። ለአዲሱ ኩባንያ ስትሰጪው ቁጥርሽ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ይዛወራል፤ አሮጌው ኮንትራት ያኔ ራሱ ይዘጋል፣ የመውጫ ክፍያውም በመጨረሻው ቢል ላይ ይመጣል። ዳይሬክት ዴቢቱን የምትዘጊው ያ የመጨረሻ ቢል ከተከፈለ በኋላ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል። የዋጋ ጭማሪ ደብዳቤ ሲመጣ ሳታነቡ አትጣሉ። ከጥር 17 2025 ወዲህ የተፈረመ ኮንትራት ጭማሪው ስንት ፓውንድ ከስንት ፔንስ እንደሆነ ከመጀመሪያው መናገር አለበት። ኩባንያው ከዚያ በላይ ከጨመረ ያለ ቅጣት የመውጫ በር ይከፈታል፤ ለ30 ቀን። በ2025 መጨረሻ ኦቱ (O2) የተባለው የስልክ ኩባንያ ወርሃዊ ጭማሪውን ቀድሞ ከተናገረው 1.80 ወደ 2.50 ፓውንድ ሲያሳድገው ደንበኞቹ ይህ ዕድል ነበራቸው። ስልኩን በየወሩ እየከፈለ የወሰደ ሰው ግን የስልኩን ቀሪ ዕዳ መክፈሉ አይቀርለትም።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ተደውሎልኝ የ24 ወር የዳታ ሲም በስልክ ተስማማሁ። አሁን ሳስበው አያስፈልገኝም። ታስሬያለሁ ማለት ነው?

ተ. ከማንቸስተር

መልስ

አልታሰርክም፣ ወንድሜ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገባ ኮንትራት ምክንያት ሳትሰጥ የምትተውበት 14 ቀን አለው። ሱቅ ገብተህ ፈርመህ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ይህን ግዴታ አያደርግባቸውም ነበር። ዛሬውኑ በኢሜይል “ኮንትራቱን ሰርዣለሁ” ብለህ ጻፍላቸው፤ የላክኸውን አስቀምጥ። ሲሙን መጠቀም ጀምረህ ከሆነ የተጠቀምክበትን ቀን ሒሳብ ሊጠይቁህ ይችላሉ፤ ቅጣት ግን የለብህም።