ቀበቶው የማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የሳምንቱ ደብዳቤዎች ስለ ቡጢ ናቸው ብዬ ከፈትኳቸው፤ ሁሉም ስለ ቀበቶ፣ ሻምፒዮን ስለሚታጠቀው፣ ሆነው ተገኙ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ የክብደት ሚዛን እንዴት አራት የዓለም ሻምፒዮን ይኖራል? ዓለም ስንት ናት?

አንድ ናት። ቀበቶ ሰጪ ድርጅቶቹ ናቸው አራት። ደብሊውቢኤ ከ1921 ጀምሮ አለ፤ ያኔ ስሙ ሌላ ነበር። ደብሊውቢሲ በ1963፣ አይቢኤፍ በ1983፣ ደብሊውቢኦ በ1988 ተከተሉ። ሁሉም የግል ናቸው፤ እንደ ፊፋ ከላይ ሆኖ የሚቆጣቸው የለም። የሚተዳደሩት ከቦክሰኞቹ ክፍያ ላይ መቶኛ እየቆረጡ ነው። ቀበቶ በበዛ ቁጥር ቆራጩም ይበዛል።

ጥያቄ፦ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው ሪዲክ ቦው ቀበቶውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ለንደን፣ 1992። የግዴታ ተጋጣሚው፣ ማለት ድርጅቱ «እሱን ግጠም» ያለው ተፈታታኝ፣ ሌኖክስ ሉዊስ ነበር፤ ቀሪውን ራስዎ ይገምቱ።

ጥያቄ፦ አንዲት አንባቢ በጣም ተናደዋል። የከባድ ሚዛኑን ኡሲክን ማንም ሳያሸንፈው ቀበቶ አጥቷል፤ የግዴታ ፍልሚያ የሚባለው ነገር ይቅር ይላሉ።

እህቴ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ኡሲክ በ2024 ሪያድ ላይ ታይሰን ፉሪን በነጥብ አሸንፎ አራቱንም ቀበቶ ጠቀለለ። ከፉሪ ጋር የመልስ ፍልሚያ ውል ነበረው። አይቢኤፍ ደግሞ «የግዴታ ተጋጣሚህ ተራው ደርሷል» አለ። ሁለቱን ባንዴ መግጠም አይቻልም። ከወር ምናምን በኋላ ቀበቶውን ለቀቀ፤ በ2023 በኡሲክ የተሸነፈው ዳንኤል ዱብዋ ኡሲክን ዳግም ሳይገጥም ሻምፒዮን ተባለ። ፉሪም በ2015 የባሰውን ቀምሷል። ቭላድሚር ክሊችኮን አሸንፎ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አይቢኤፍ ነጠቀው፤ ምክንያቱ ያው የመልስ ፍልሚያ ውል። ቀበቶው ቻርልስ ማርቲን እጅ ገባ፤ ያውም ተጋጣሚው ግላዝኮቭ ጉልበቱን ተጎድቶ በሦስተኛው ዙር ስላቋረጠ። ማርቲን ሦስት ወር ሳይቆይ በአንቶኒ ጆሹዋ ተዘረረ።

ግን ግዴታው ይቅር ሲሉ አልከተልዎትም። ግዴታ ባይኖር ሻምፒዮኑ ማንን ይመርጣል? ብዙ ገንዘብ የሚያመጣለትንና ብዙም የማያስፈራውን። ደንቡ የተሠራው ለሌላኛው ሰው ነው፤ ጥሩ እጅ ኖሮት ስም ለሌለው። ሻምፒዮኑ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ አይቢኤፍ ዘንድ በ9 ወር፣ አንደኛውን ተፈታታኝ መግጠም አለበት። ፕሮሞተሮቹ፣ ፍልሚያ የሚያዘጋጁት ነጋዴዎች፣ ካልተስማሙ ጨረታ ይወጣል። እያንዳንዱ የሚከፍለውን ጽፎ በታሸገ ፖስታ ያስገባል። ፖስታዎቹ ይከፈታሉ፤ ብዙ የጻፈው ፍልሚያውን ይወስዳል። እዚያች ክፍል ውስጥ ማኩረፍም መለማመጥም ዋጋ የለውም፤ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚነበበው።

ዲሊያን ዋይትን ይዩት። ደብሊውቢሲ ዘንድ ለዓመታት አንደኛ ተብሎ ተቀመጠ። እየጠበቀ ሌሎችን ሲገጥም ከረመ። በ2020 ፖቬትኪን በአንድ አፐርከት (ከታች ወደ ላይ በሚሰነዘር ቡጢ) አስተኛው፤ በ2021 ዋይት መልሶ ብድሩን ከፈለ። ለዓለም ዋናው ቀበቶ የተጋጠመው ገና በ2022 ነው፣ ከሻምፒዮኑ ፉሪ ጋር፣ ዌምብሌይ ላይ። ጨረታው ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ድርሻው 80 በመቶ ለፉሪ፣ 20 በመቶ ለዋይት። በስድስተኛው ዙር ተሸነፈ፤ ሆኖም ያን የሚያህል ገንዘብ ያገኘው ፖስታ ስለተከፈተ ነው። እኔን የሚያበግነኝ ግዴታው ለኡሲክ በሳምንታት መድረሱ፣ ለዋይት ግን ዓመታት መፍጀቱ ነው።

አንደኛውን ተፈታታኝ የሚመርጠው ማን ነው የሚለውም አለ። የአይቢኤፍ መሥራች ቦብ ሊ ጉቦ እየተቀበለ የቦክሰኞችን ደረጃ ያዛባል ተብሎ በ1999 ተከሰሰ። ከአብዛኞቹ ክሶች ነጻ ወጣ፤ በገንዘብ ማጠብና ግብር በመሰወር ግን 22 ወር ተፈረደበት።

ጥያቄ፦ ሞቶም ደረጃው ከፍ ያለ ቦክሰኛ አለ?

አለ። ዳሪን ሞሪስ በ2000 አረፈ። ደብሊውቢኦ በ2001 ከሰባተኛ ወደ አምስተኛ ከፍ አደረገው። ነፍሱን ይማር።

ጥያቄ፦ ሳኝክ መንጋጋዬ ቋ ቋ ይላል። ከልምምድ ነው?

ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ አንድ ወጣት ቦክሰኛ፣ «ተራህን ለሌላ ልቀቅ፣ ገንዘብ እንሰጥሃለን፤ ቀጣዩ ያንተ ነው» ተብያለሁ፤ ልፈርም? ይላል።

ጠበቃ ሳታይ አትፈርም። ጠበቃ ስልህ አሠልጣኝህን ወይም ወረቀት ማንበብ የሚወድ አጎትህን ማለቴ አይደለም፤ የስፖርት ውል የሚያውቅ ጠበቃ። «ቀጣዩ ያንተ ነው» ያለህ ፕሮሞተሩ ከሆነ ዋጋ የለውም። ቀበቶው የድርጅቱ ስለሆነ ድርጅቱ ራሱ በጽሑፍ ይስጥህ። ሻምፒዮኑ ቢሸነፍስ? ቢጎዳስ? ቀበቶውን ቢለቅስ? ሦስቱም ውሉ ላይ ይኑሩ። ጀርመናዊው ሮኪጃኒ በ1998 ማይክል ነንን አሸንፎ የደብሊውቢሲ ሻምፒዮን ተባለ። ኋላ ላይ ድርጅቱ ሻምፒዮን መባሉ «የጽሕፈት ስህተት ነበር» ብሎ ቀበቶውን ለቀድሞው ሻምፒዮን ለሮይ ጆንስ መለሰ። ሮኪጃኒ ኒውዮርክ ላይ ከሶ በ2002 ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደለት። ድርጅቱ ኪሳራ አወጀ፤ በመጨረሻ በድርድር ተጨረሰ። ያንን ሁሉ ያደረገለት የያዘው ወረቀት ነው። አንተ ወረቀት አለህ?