የሕመሜን ስም ማን ነገራቸው?

በዚህ ዓምድ ሐዋሳ የምትሠራ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ለአንባቢዎች ጥያቄ መልስ ትሰጣለች።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ሐዋሳ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የመስመር ሱፐርቫይዘር ነኝ። ድባቴ አለብሽ ተብዬ መድኃኒት ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ሰሞኑን ባሰብኝና ሐኪሙ እረፍት ጻፈልኝ። ወረቀቱ ላይ የበሽታው ስም ነበር። ለሰው ሀብት ክፍል ሰጠሁ። ከእረፍት ስመለስ መስመሬ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ ያውቃሉ። አንዷ «አይዞሽ፣ ጸበል ሞክሪ» አለችኝ። ሌላዋ መቀስ ባነሳሁ ቁጥር በዓይኗ ትከተለኛለች። አሁን ደግሞ አለቃዬ «ለሥራው ብቁ መሆንሽን እንድናይ የሕክምና ካርድሽን ሙሉ ኮፒ አምጪ» አለኝ። የመስጠት ግዴታ አለብኝ? ወሬውን ያወጣው ሰውስ ዝም ሊባል ነው? ሕክምናውን ትቼ ልጥፋ እያልኩ ነው።
ት.፣ ከአቶቴ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሕክምናውን አትተይ። የድባቴ መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያነጫንጫል። ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል። የማቆሚያው ጊዜ ሲደርስ እንኳ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግራችሁ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ወሬ ፈርቶ ከሕክምና መጥፋት እዚህ ከተማ የማየው ነገር ነው። ሐዋሳ ሰው የሚተዋወቅባት ናት። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የዕድርተኛሽ ልጅ ትሆናለች። ፋርማሲው ውስጥ ያለው ከወንድምሽ ጋር ኳስ ይጫወታል። ስለዚህ እዚሁ መታከም ሲችሉ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄዱ አሉ። ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። የትራንስፖርት ገንዘብ ያጠረ ወር ቀጠሮው ይቀራል፤ መድኃኒቱም ይቋረጣል። አንዲት ታካሚዬ ሰው እንዳያይባት መድኃኒቷን ከማሸጊያው እያወጣች በቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ሁለቱ ዓይነት ክኒን ተቀላቀለባት። የማታውን ጠዋት ውጣ ሥራ ቦታዋ ላይ እንቅልፍ ጣላት። ታሪኩን እንድጽፈው ጠይቄያት ፈቅዳልኛለች።

ወደ ካርዱ ልምጣ። አትስጪ። አሠሪሽ ማወቅ ያለበት በዚህ ቀን መታከምሽን፣ እስከዚህ ቀን መሥራት አለመቻልሽን፣ ስትመለሺም ለጊዜው የሥራ ማቅለል ያስፈልግሽ እንደሆነ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሕመም ፈቃድ የሚጠይቅሽ መንግሥት ከሚያውቀው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ነው። ካርድ አይልም። እግረ መንገዴን ልንገርሽ፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ለወገብ ሕመምም ለድባቴም ያው ነው።

ካርድሽ ላይ እኮ ብዙ ነገር አለ። ስለ ልጅነትሽ ያወራሽው፣ ስለ ትዳርሽ ያለቀስሽው፣ ቤተሰብሽ ውስጥ ማን ታሞ እንደነበር ሳይቀር ይጻፋል። የስፌት መስመር በደንብ መምራትሽን ለማወቅ ማንም ያን ማንበብ አያስፈልገውም። ፋብሪካው በእርግጥ ስለ ብቃትሽ ከተጠራጠረ ጥያቄውን ለሕክምና ተቋሙ በደብዳቤ ይጻፍ፦ «ይህችን ሥራ መሥራት ትችላለች ወይ?» መልሱም በዚያው ልክ ይሁን። ትችላለች፣ አትችልም፣ ወይም ለተወሰነ ጊዜ የሌሊት ፈረቃ ይቅርላት። ያም ቢሆን አንቺ ስትፈቅጂ ነው። የፈቃድ ቅጽ ሲሰጡሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። «ማንኛውንም የሕክምና መረጃ» የሚል ካለበት አሰርዢና የፈቀድሽውን ብቻ አስጽፊ። ከዚያ ፈርሚ።

ሌላ ጊዜ እረፍት ሲጻፍልሽ ደግሞ ከክፍሉ ሳትወጪ ወረቀቱን እዪው። ቅጹ ላይ የበሽታ ስም የሚል ቦታ አለ፤ ብዙ ባለሙያ እጁ ለምዶ ይሞላዋል። «የሕክምና ክትትል ላይ ስለሆነች እስከዚህ ቀን እረፍት ያስፈልጋታል» ተብሎ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። እኔ ስጠየቅ ሐኪሞቹን አነጋግራለሁ፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ወረቀቱን በፖስታ አሽገሽ ለአንድ ሰው ብቻ ስጪ። ኮፒው ላይ አስፈርሚ። ጠረጴዛ ላይ ጥለሽ እንዳትሄጂ።

ወሬውን ስላወጣው ሰው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትሽን ያስከብርልሻል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስት በሥራው ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ ያስቀጣል። ክሱ የሚነሳው ግን ተበዳዩ ሲያመለክት ነው። አንቺ ዝም ካልሽ ማንም አይነሳልሽም። ያንቺ ወሬ የወጣው ከሰው ሀብት ክፍል ይመስላል፤ እነሱ የሕክምና ባለሙያ አይደሉም። ቢሆንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ይህ አዋጅ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ይመድበዋል። አሠሪንም ይመለከታል። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

እኔን ብትጠይቂኝ፣ ፍርድ ቤት ከመሄድሽ በፊት ደብዳቤ ጻፊ። ለሥራ አስኪያጁ። ወረቀቱን የሰጠሽበትን ቀን፣ የተቀበለሽን ሰው፣ ከዚያ በኋላ የተባልሽውን ቃል በቃል አስፍሪ። ማን ማን እንዳየው እንዲነግሩሽ፣ ፋይልሽም እንዲቆለፍ ጠይቂ። ገቢ አስደርገሽ ኮፒውን ያዢ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ አሳውቂ። መልስ ካጣሽ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እዚሁ ሐዋሳ ቢሮ አለው፤ አቤቱታ ይቀበላል።

ስለ መቀሱ ያልሽው አንጀቴን በልቶታል። ድባቴ ያለበት ሰው ለሥራ ባልደረባው አደጋ ነው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሌላውን ከሚጎዱበት ይልቅ ራሳቸው በሌላው የሚጎዱበት ጊዜ ያመዝናል። ጸበል የመከረችሽ ልጅ ግን በክፋት አልመሰለኝም። ጸበሉም መድኃኒቱም አብሮ የሚሄድላቸው ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ለእሷ ማስረዳትም ሆነ ዝም ማለት ያንቺ ምርጫ ነው፤ ለማንም የማስረዳት ዕዳ የለብሽም።

ለሙያ ጓደኞቼም አንድ ነገር ልበል። ወረፋ በሞላበት ኮሪደር ቆሞ «የአእምሮ ሕክምና ካርድ ያላችሁ፣ እገሊት የእገሌ ልጅ» ብሎ መጥራት ይቅር። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ያዞራል። የተጠራችው ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ትነሳለች። አንዳንዷም አትነሳም። ሰው እስኪቀንስ ትጠብቃለች፤ ወይም ሹልክ ብላ ትሄዳለች፣ እኛም «ጠፍታለች» ብለን ካርዱን እናስቀምጣለን። በተራ ቁጥር መጥራት አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ካርዱንስ ለምን የክፍሉን ስም በትልቁ ጽፈን በታካሚዋ እጅ ከሕንፃ ሕንፃ እናዞረዋለን?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ልጄ 21 ዓመቱ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ ቤት ተቀምጧል። ከወንድሙ ጋር ሐኪም ቤት ሄዶ መድኃኒት ጀመረ። ምን እንደሆነ ልጠይቅ ብሄድ ሐኪሙ «ከልጅዎ ይስሙ» ብሎ መለሰኝ። ወልጄ አሳድጌ እንዴት አልሰማም?
እናት፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እትዬ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ሐኪሙ ግን አላጠፋም። ልጅዎ 18 ዓመት ስላለፈው ያለ ፈቃዱ አይነገርዎትም። ያን እምነት ካጣ ሁለተኛ አይመለስም፤ ቢመለስም ዋናውን ነገር ይደብቃል።

ይሁንና ሐኪሙ እንዳይናገር ነው እንጂ እንዳይሰማ አልተከለከለም። እርስዎ ከማንም በላይ የሚያውቁት ነገር አለ። ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፣ መቼ መታጠብ እንዳቆመ፣ ብቻውን ሲያወራ ሰምተውት እንደሆነ፣ መድኃኒቱን በትክክል መውሰዱን። በወረቀት ጽፈው ለሐኪሙ ይስጡ። ለልጅዎም ይንገሩት፤ ከኋላው የተሠራ እንዳይመስለው።

እሱን ደግሞ «ምን አለህ?» እያሉ አያስጨንቁት። «ቀጠሮህን ላስታውስህ? መድኃኒትህን እኔ ልግዛልህ?» ብለው ከትንሹ ይጀምሩ። ፈቃድ እኮ ተከፋፍሎ ይሰጣል። የመድኃኒቱን ስምና የጎንዮሽ ጉዳቱን እናቱ እንድታውቅ ፈቅዶ፣ የተነጋገርነውን ግን እንዳላወጣ የሚነግረኝ ወጣት ብዙ ነው። ካርዱ ላይ እንደዚያው ብለን እንጽፋለን።

ስለ መሞት ካወራ፣ ዕቃውን ለሰው ማከፋፈል ከጀመረ፣ ወይም ምግቡ ተመርዟል ብሎ መብላት ካቆመ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ቤት ያለውን መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከእጁ ያርቁ። በዚያን ሰዓት ሕይወቱን ለማትረፍ ማወቅ ያለብዎትን ሐኪሙ ራሱ ይነግርዎታል።