ብርድ ልብሴ ለምን ተሸበሸበ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ያለ ስፌት፣ በቋጠሮ ብቻ የሚሠራውን የፍሊስ (ለስላሳ፣ ሞቃት ጨርቅ) ብርድ ልብስ ለልጄ ሠራሁ። ዳር ዳሩ ተሸብሽቦ መሃሉ ጎደጎደ፤ ሳህን መሰለ። ምን አጥፍቼ ነው? (ከሚኒሶታ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ የእኔም የመጀመሪያው እንደዚያው ነበር። ጋቢ የምቋጭ መስሎኝ በደንብ ሳብ ሳብ አደረግሁት። ፍሊስ ደግሞ ይለጠጣል። ቋጠሮውን ባጠበቅሽው ቁጥር ዳሩን ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። ላላ አድርጊው፤ ሁለቴ ከተቋጠረ በራሱ አይፈታም።

እኔ ለልጅ ከሁለት ዓይነት ጨርቅ አንድ ተኩል፣ አንድ ተኩል ያርድ እገዛለሁ። ጀርባቸውን አገናኝተሽ ወለል ላይ ዘርጊ። አልጋ ላይ እንዳትሞክሪው፣ ይንሸራተትብሻል። ጠንካራውን የፋብሪካ ጠርዝ ቆርጠሽ ጣይ። ከአራቱም ማዕዘን 4 በ4 ኢንች ቆርጠሽ አውጪ፤ ይህን የዘለለ ሰው ጥጉ ላይ ይጨናነቅበታል። ከዚያ ዙሪያውን በ1 ኢንች ስፋት፣ 4 ኢንች ወደ ውስጥ በመቀስ ሰንጥቂ። የላዩን ከታቹ ጋር፣ አንዱን እየዘለልሽ ቋጥሪ። ገልብጪና የቀረውን ጨርሺ።

የተሠራውስ? ቁጭ ብሎ መፍታት ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ፍሊስ ጫፉ አይተረተርም፤ አትፍሪ። ሽብሽቡን በካውያ ላቃናው እንዳትዪ ብቻ! ፖሊስተር ስለሆነ ይቀልጣል። የእኔ አንዱ ጥግ ላይ የካውያ አፍንጫ ታትሞበታል፤ ልጄ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።