ከጣና ርቄ ነው የማርሰው፣ እንቦጩ ምን አገባኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆች። ከመራዊ አካባቢ ነኝ። ክረምት በቆሎ፣ በጋ ደግሞ በቆጋ መስኖ ሽንኩርት አመርታለሁ። ሰሞኑን ስብሰባ ላይ ለጣና እንቦጭ አረም የእናንተም ማዳበሪያ እጁ አለበት ተባልን። ጣና እኮ ከኔ ማሳ አይታይም! እንቦጩም የበዛው በጎንደር በኩል ነው ይባላል። እውነት ነው ወይስ ዝም ብሎ ገበሬ ላይ መለጠፍ ነው? ማዳበሪያ ልተው?

መልስ፦ ኧረ አትተው! በዚህ ዋጋ የተገዛ ማዳበሪያ ማሳህ ላይ ይቆይ ነው የምንልህ። የተባለው ግን እውነትነት አለው። ቆጋ ግልገል አባይ ይገባል፣ ግልገል አባይ ጣና ይገባል፤ ሐይቁን ከሚመግቡት ወንዞች ትልቁም እሱ ነው። እንቦጩ በሰሜን ምሥራቁ ዳር በዝቷል ማለትህ ልክ ነው። ግን ተንሳፋፊ አረም ነው፣ ነፋስ ይገፋዋል፣ ከተመቸው ደግሞ በሁለት ሳምንት አካባቢ እጥፍ ይሆናል። እኛ ከማሳ በሚታጠበው ማዳበሪያ ምግቡን እያቀረብንለት በዚህ በኩል አይመጣም ብሎ መተኛት አያዋጣም። የጣና ስፋትም እንዳይሸውድህ፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ የገባውን ደለል ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ማዕበሉ ያምሰዋል።

ወደ ማሳህ እንምጣ። የኤንፒኤሱ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) ፎስፈረስ አፈር ላይ ይጣበቃል፤ በብዛት የሚሄደው አፈሩ ሲሄድ ነው። ሐምሌ ላይ ግልገል አባይ ደፍርሶ ሲወርድ የምታየው ያ ቀይ ጭቃ ከማን ማሳ የመጣ ይመስልሃል? ስለዚህ መጀመሪያ ፈሰስህን እይ። ብዙ ሰው ውሃው ቶሎ እንዲወጣለት ፈሰሱን ቁልቁል ቀጥ አድርጎ ያወጣዋል፣ ከዚያ ፈሰሱ ቦረቦር ይሆናል፣ አፈሩም ማዳበሪያውም አብረው ይነጉዳሉ። አግድም አድርገው፣ ቀስ እያለ ብቻ ዝቅ ይበል፣ መጨረሻውም ወንዙ ሳይሆን ሳር ላይ ይሁን። ጎረቤትህ ማሳ ላይ እንዳትለቅበት ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በፈሰስ ስንት ሰው ተካሷል! የወንዙን ጠርዝ ሳታርስ ተወው፤ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሳር ትከልበትና እያጨድክ ለከብት ስጥ።

ዩሪያ ሌላ ነው። 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ከውሃ ጋር በቀላሉ ይሄዳል። ደመናው ከብዶ እያየህ አትበትን። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ከታረመ በኋላ፣ ከግንዱ ትንሽ ራቅ አድርገህ ጨምርና አፈር አልብሰው። ለሽንኩርቱም ከፋፍለህ ስጥ፤ ተራዬ ደረሰ ብለህ ውሃ ለቀህበት ሌሊቱን ሙሉ አትተኛ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ሐይቁ ዳር ልብስ ብናጥብ ምን ይላል? አያቶቻችንም ያጥቡ ነበር።

መልስ፦ እነሱ በእንዶድ፣ ያውም ቁጥራቸው ጥቂት ሆኖ። (እንዶድም ለዓሣ አይበጅም፣ ይሄ ሌላ ወሬ ነው።) ውሃውን ቀድተሽ ራቅ ብለሽ እጠቢ፣ እጣቢውን አፈር ላይ ድፊው። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ በጎርፍ መውረጃ ቱቦ ተደብቆ ወደ ሐይቁ የሚለቀቀው የሽንት ቤት ፍሳሽ ካንቺ ሳሙና እጅግ ይብሳል። ግቢሽ ውስጥ ያለው ቱቦ የት እንደሚወጣ ታውቂያለሽ?