ጾም ግንድ ሕዋስን ያድሳል?

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። በእኛ በወሎ አንዱ ጎረቤት ሁዳዴን፣ ሌላው ረመዳንን ይጾማል፤ በቅርቡ ተማሪዎቼ «ጾም ስቴም ሴልን (ግንድ ሕዋስን) ያድሳል» የሚል ወሬ ይዘው መጡ። አመጋገብ ከግንድ ሕዋስ እድገት ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወሬው መነሻ አለው፤ ሲነገር ሲነገር ግን አብጧል። ግንድ ሕዋስ ራሱን እየተካ ወደ ደም፣ ወደ ቆዳ ወይም ወደ አንጀት ሕዋስነት መለወጥ የሚችል ሲሆን፣ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጥበት መንገድ፣ ማለትም ሜታቦሊዝሙ፣ ማረፉን፣ መባዛቱን ወይም መለወጡን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው።

በመቅኒ ውስጥ ያሉትን የደም ግንድ ሕዋሳት ለመረዳት፣ እናቶቻችን ማታ የሚያዳፍኑትን ፍም ያስታውሱ። አመድ የለበሰ ፍም አየር ስለሚያጥረው ሳያልቅ ያድራል፤ ጠዋት ተገልጦ እፍ ሲሉት ግን ወዲያው ይያያዛል። እነዚህ ሕዋሳትም ኦክስጅን በሚያንስበት ስፍራ ተሸሽገው፣ በአብዛኛው ግሉኮስን ያለ ኦክስጅን እየሰባበሩ በጥቂት ጉልበት ይኖራሉ። በዚህ መንገድ ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል የሚተርፈው 2 ኤቲፒ (ሕዋስ ጉልበት የሚይዝበት ሞለኪውል) ብቻ ነው፤ የሕዋሱ ጉልበት ማመንጫ በሆነው በሚቶኮንድሪያ በኦክስጅን ሲቃጠል ወደ 30 ይደርሳል። ትርፉ እያለ ለምን ይቆጥባሉ ቢሉ፣ ከቃጠሎው የሚወጡት ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶች ለዓመታት መቆየት ያለበትን ዲኤንኤ ሊጎዱ ስለሚችሉ ነው። ሕዋሱ ወደ ደም ሕዋስነት መለወጥ ሲጀምር ሚቶኮንድሪያው ሥራውን ያጠናክራል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ከምግብ የሚገኘው አሴቲል ኮኤ የተባለው ሞለኪውል ማገዶ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ የሚወሰደው የአሴቲል ክፍል ዲኤንኤ በሚጠመጠምባቸው ፕሮቲኖች ላይ ተለጥፎ ጥምጥሙን በማላላት፣ የትኛው ጂን እንደሚነበብ ለመወሰን ያግዛል።

ወደ ጾሙ ስንመለስ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ለ24 ሰዓት ምግብ የተከለከሉ አይጦች የአንጀት ግንድ ሕዋሳት ስብ ወደ ማቃጠል ዞረው የመታደስ አቅማቸው ጨምሯል። በ2024 የወጣ ሌላ የአይጥ ጥናት ደግሞ ሕዋሳቱ በብርቱ የሚባዙት ጾሙ ተፈትቶ ምግብ ሲመለስ መሆኑን፣ በዚያችው ሰዓት ካንሰር አምጪ የጂን ለውጥ ከተከሰተም ዕጢ የመፈጠር ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሁዳዴም ሆነ ረመዳን በሰዓቱም በምግቡም ከአይጦቹ ጾም ስለሚለይ፣ ለተማሪዎችዎ ውጤቱ የአይጥ መሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው።