ማዳበሪያው ሐሰተኛ አይደለም፣ ውሃው ነው የቀዘቀዘብህ

ወንድሜ፣ «ፖታሺየም ናይትሬት በርሜል ውስጥ ስበጠብጥ ውሃው በረዶ ሆነ፣ ነጭ ነገርም ከሥር ቀረ፤ ተሸውጄ ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም አዳማ ዳር ባለችው የቲማቲም ማሳዬ ላይ ይኸው ደርሶብኛል፤ ስማኝ።

1. ከሻጩ ጋር አትጣላ። እኔ ተጣልቻለሁ። በማለዳ 100 ሊትር ውሃ ላይ 25 ኪሎ ገለበጥኩ። ክንዴ እስኪዝል ባማስለውም ወደ 7 ኪሎ የሚሆን ከሥር ተኛ። በርሜሉ በውጭ በኩል አላበው፤ እጄን ብነክር ጣቴ ደነዘዘ። «ባዕድ ነገር ቀላቅለውበታል» ብዬ ዝቃጩን ደፋሁት። ከዚያ ለአቤቱታ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ቀን አመላለሱኝ፤ በመጨረሻ ናሙና አምጣ ተባልኩ። ደፍቼዋለሁ ስል ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፦ የደፋሁት ንጹሕ ማዳበሪያ ነበር።

2. ያስረዳኝ የኬሚስትሪ መምህር የሆነ ጎረቤቴ ነው። ጨው (ይኸ ማዳበሪያም በኬሚስትሪ ጨው ነው) ሲሟሟ አዮኖቹን፣ ማለትም ጨው የተሠራባቸውን ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች፣ ለማላቀቅ ኃይል ወጪ ይሆናል። ውሃው አዮኖቹን ሲከባቸው ደግሞ ኃይል ይመለሳል። ፖታሺየም ናይትሬት ላይ የሚመለሰው ከወጣው ያንሳል። ጉድለቱ በአንድ ሞል (ኬሚስቶች ቅንጣት የሚቆጥሩበት መለኪያ ነው፤ ለዚህ ማዳበሪያ 101 ግራም ይሆናል) 35 ኪሎጁል ገደማ ነው፤ የሚሞላውም ከውሃው ሙቀት ነው። ኮስቲክ ሶዳ ተቃራኒው ነው፤ በሞል 44 ኪሎጁል ያህል ይለቃል። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ባልዲያቸው የሚግለው ለዚህ ነው። የወጥ ጨው ግን 4 ገደማ ብቻ ስለሚወስድ አይታወቅህም።

እኔን የሸወደኝ ማዳበሪያው በውሃ ምን ያህል እንደሚሟሟ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ነው። 100 ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ 31 ኪሎ ያህል ያሟሟል ይላል፤ 25 ኪሎማ መች ያቅተዋል ብዬ ነበር። ያ ግን 20 ላይ ለሚቆይ ውሃ ነው። የእኔ እየሟሟ ራሱን አቀዘቀዘ። በ10 ዲግሪ 21 ኪሎ፣ በ0 ደግሞ 13 ብቻ ነው የሚይዘው።

3. አሁን ጥቁር በርሜል ሞልቼ ፀሐይ ላይ አስቀምጣለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ 15 ኪሎ እጨምራለሁ፤ እንደገና ሲሞቅ 10 ኪሎውን። ለማታው ጠብታ መስኖ አጣርቼ ስለቀው ወንፊቱ ላይ አንዲት ፍሬ አይቀርም። ያንተም ዝቃጭ በርሜሉ ውስጥ ካለ፣ እባክህ እንዳትደፋው። ፀሐይ ላይ ተወውና ከሰዓት በኋላ አማስለው።