በፊውዝ ቦታ የመዳብ ክር?

ከወረታ የጻፍክልኝ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ችግርህ ይህ ነው፦ በሩዝ መፈልፈያ ማሽን ላይ የሦስቱን ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጡትን ሦስት መስመሮች) ቮልት ልትለካ ሽቦዎቹን ስታስነካ «ጧ» አለ። ከዚያ ወዲህ መልቲሜትርህ (የኤሌክትሪክ መለኪያህ) ቮልትና ኦም በትክክል ያነብባል፤ አምፔር ላይ ግን ዜሮ ነው። የሥራ ባልደረባህ ደግሞ «ከገመድ አንድ የመዳብ ክር መዝዘህ ፊውዙ ላይ ጠቅልልበት» አለህ። ፊውዝ ማለት ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጠው ነው።

አታድርገው፣ ወንድሜ። 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት አንዲት የመዳብ ክር ለመቅለጥ 7 አምፔር አካባቢ ትፈልጋለች። ያንተ የሚሊአምፔር ፊውዝ ደግሞ ግማሽ አምፔር ነው ብለሃል። ክሯ እስክትቀልጥ ድረስ የሜትሩ ሆድ ቀድሞ ይነድዳል። እንዲህ የተጠቀለለባቸው ሜትሮች ባሕር ዳር ወዳለው ጠረጴዛዬ ይመጣሉ፤ ስከፍታቸው የውስጥ ሰሌዳው (ሰርኪዩት ቦርዱ) የመዳብ መስመር ተንኖ ጥላሸቱ ብቻ ይቀራል።

መጀመሪያ የተቃጠለው በእርግጥ ፊውዙ መሆኑን አረጋግጥ። መክፈት አያስፈልግም። ሜትሩን ከማንኛውም መስመር አላቅቀህ ቀዩን ሽቦ ቮልት ቀዳዳ ላይ ሰካው፤ ማዞሪያውን ኦም ላይ አድርግና የዚያኑ ሽቦ ጫፍ ወደ አምፔሩ ቀዳዳ አስገባ። ፊውዙ ደኅና ከሆነ የ10 አምፔሩ ቀዳዳ ወደ ዜሮ የተጠጋ፣ የሚሊአምፔሩ ደግሞ እንደ ሜትሩ ሥሪት ከጥቂት ኦም እስከ 1 ኪሎኦም ያሳያል። «ኦኤል» ወይም በግራ ጠርዝ ብቻዋን የቆመች «1» ካየህ ፊውዙ ሄዷል። ቮልትና ሚሊአምፔር አንድ ቀዳዳ በሚጋሩባቸው ርካሽ ሜትሮች ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ፊውዙን አውጥተህ በሌላ ሜትር ለካው።

አሁን ወደ ሱቅ ስትሄድ አምፔሩን ብቻ አትጥራ። ሻጩም የሚጠይቅህ እርሱን ብቻ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ፊውዙ ላይ የተጻፈው ቮልት የሚናገረው ክሩ ከቀለጠ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ለሬዲዮ የተሠራ የ250 ቮልት የመስታወት ፊውዝ 380 ቮልት ላይ ሲቀልጥ፣ ኤሌክትሪኩ በተነነው ብረት ውስጥ እሳት ሆኖ መፍሰሱን ሊቀጥል ይችላል፤ መስታወቱም እጅህ ላይ ይፈነዳል። ነጩ የሴራሚክ ፊውዝ ውስጥ የታጨቀው አሸዋ ግን እየቀለጠ ሙቀቱን ይውጥና እሳቱን ያፍነዋል። ስለዚህ አምፔሩ፣ ቮልቱ፣ ርዝመቱና ፍጥነቱ ከሜትሩ ጀርባ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለባቸው። «ኤፍ» የሚለው ፊደል ፈጣን ማለት ነው፤ «ቲ» የሚለውን ቀስ ብሎ የሚቀልጥ ፊውዝ ሻጩ «ያው ነው» ቢልህም አትቀበል። ጥሩው ፊውዝ ዋጋው ሊያስደነግጥህ ይችላል። እስኪገኝ ድረስ ሜትሩን ለቮልት ብቻ ተጠቀምበት።

ስለ «ጧ» የጠየቅኸኝ ነገር የለም፤ እኔ ግን የምገምተው አለ። ቀዩ ሽቦ አምፔር ቀዳዳ ላይ ቀርቶ ነበር። አምፔር መለኪያው ውስጡ ቀጥ ያለ ሽቦ ማለት ስለሆነ ሁለት ፌዝ ላይ ስታስነካው ሁለቱን መስመሮች ራስህ ሾርት አደረግኻቸው። አልፈርድብህም። እኔም አንድ ጠዋት የጀልባ ሞተር ባትሪ የሚስበውን አምፔር ለክቼ፣ ከሰዓት በኋላ ሽቦውን ሳልመልስ ወፍጮ ቤት ሶኬት ውስጥ ከትቻለሁ። የሽቦው ጫፍ ግማሹ የለም፤ ጣቶቼ ግን አሉ። ከዚያ ወዲህ አምፔር ለክቼ እንደጨረስኩ ሌላ ነገር ሳልነካ ቀዩን ወደ ቮልት እመልሳለሁ።

ደግሞም የዚያን ማሽን አምፔር በዚህ ሜትር ለመለካት አስበህ ከሆነ ተወው። 7.5 ኪሎዋት ሞተር በ380 ቮልት ሙሉ ጭነት ላይ 15 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሲነሣ ደግሞ የዚያን ስድስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ለእርሱ ገመዱን ሳትቆርጥ የምታቅፍበት ክላምፕ ሜትር ነው የሚያስፈልግህ።

አዲሱን ፊውዝ ከመክተትህ በፊት የመያዣውን ጥርሶች እይ፤ ቆሻሻ ካለ በአልኮል ጥረገው። ክዳኑን ሳትገጥም ምንም አትለካ። ከዚያ የ9 ቮልት ባትሪና የ1 ኪሎኦም ሬዚስተር ከሜትሩ ጋር በተከታታይ አያይዘህ ሚሊአምፔር ላይ አንብብ፤ 9 አካባቢ መምጣት አለበት። ፊውዙ ደኅና ሆኖ አሁንም ዜሮ ካለህ ውስጥ ያለው መለኪያ ሬዚስተር ወይም የሰሌዳው መስመር ተቃጥሏል፤ ያኔ ሜትሩን ይዘህልኝ ና።